ባ ጄሬ የነጠቁት ወረቀት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ ባ ጄሬ («ባ» የምንለው ለአክብሮት ነው) ስሜን ከመጠየቃቸው በፊት ጎሳዬን ጠየቁኝ። ቤምባ ነኝ ስላቸው ፊታቸው ወገግ አለ። «ተመስገን! እዚህ ክፍል ውስጥ ደህና አድርጌ የምሰድበው ሰው ካጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው» አሉና በገዛ እጃቸው ወንበር ሳቡልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ «ለመሆኑ ዛሬ ጠዋት በልተሽው የመጣሽው ጦጣ ሰባ ያለ ነበር?» አሉኝ።

«የሰባ ነበር። ጅራቱን ለእርስዎ አስቀርቼልዎታለሁ። ዕድሜ ልክዎን አይጥ ሲቆረጥሙ ከሚኖሩ እሱን ይቅመሱት» አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። እሳቸው ንጎኒ ናቸው፤ ቤምባና ንጎኒ ደግሞ የቀልድ ዘመዳሞች ነን። አያቶቻችን በጦር ሲፈላለጉ ኖረው ታረቁ፤ ለእኛ የተረፈን ስድቡ ነው። የቀልድ ዘመድ ቢሰድብህ አትቆጣም፤ ከእጅህ ቢነጥቅህም ዝም ነው። የተቆጣ ሰው የሰፈር መሳቂያ ይሆናል። እኔ ያኔ ባሌን ቀብሬ ዓመት ያልሞላኝ፣ አንዲት ልጄን ኩንዳን ይዤ ወደ እናቴ ቤት የተመለስኩ ሴት ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። እንደ ጤነኛ ሰው ቆጥሮ የሰደበኝ የመጀመሪያው ሰው ባ ጄሬ ናቸው። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን ደስ እንዳለኝ ግን ያኔ አልገባኝም።

የእኛ የመዳብ ጉድጓድ ውሃ ነው። ከመዳቡ ይልቅ ብዙ የምናወጣው ውሃ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቀን ከሌት በፓምፕ ካልተገፋ ሥሩ ያሉትን ሰዎች ይበላል። የእኛ ክፍል ሥራ በየቱቦው የሚወጣው ውሃ ስንት እንደሆነ መለካት ነበር። ቱቦውን አንቆርጥም፣ ቀዳዳም አናወጣበትም። ጆሮ የምንላቸውን ሁለት ትናንሽ ነገሮች ከቱቦው ውጭ በብረት ቀበቶ እናስራለን። አንዱ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ከውሃው ጋር የሄደው ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል፣ ውሃውን ተቃውሞ የመጣው ይዘገያል። ከዚያች ልዩነት መሣሪያው የውሃውን ፍጥነት ያውቃል። ፍጥነቱን ራሱ ያገኘዋል፤ የቱቦውን የውስጥ ስፋት ግን የምንነግረው እኛ ነን። የነገርነውን ደግሞ ያምናል።

ባ ጄሬ ይህን ሥራ ከትውልድ ከተማቸው ከቺፓታ በመጡበት ዘመን በእጃቸው ተምረው እኔንም በእጄ አስተማሩኝ። የቱቦውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብለጨልጭ አስፍቀውኛል። በጆሮውና በብረቱ መካከል ቅባት እንድቀባ አስተምረውኛል፤ በመካከል አየር ካለ ድምፁ አያልፍም። አንድ ቀን ጆሮዎቹን ከቱቦው አናት ላይ ሳስር አይተው ጮኹብኝ።

«ከላይ አየር ይተኛል፣ ከታች ጭቃ ይተኛል! ከጎንና ከጎን እሰሪ። የሰው ጆሮ አናቱ ላይ ነው ያለው? ወይስ በእናንተ አገር እንደዚያ ነው?»

«በእኛ አገር ጆሮ ጎን ላይ ነው፤ አናታችን ላይ ያለው አእምሮ ነው። እናንተ ጋ እሱ ስለሌለ ግራ ገብቷችሁ ነው» አልኳቸውና ፈትቼ ደግሜ አሰርኩ።

ችግሩ፣ ባ ጄሬ ይህን ልማድ የሚያቆሙበት ቦታ አያውቁም ነበር። አለቃችን ኢንጂነር ቺሳንጋም ቤምባ ናቸው። ባ ጄሬ ከዋና ከተማ ለመጡ እንግዶች ሲያስተዋውቋቸው፣ «ኢንጂነራችን ናቸው፣ ከዛፍ ካወረድናቸው ሃያ ዓመት ሆናቸው» ብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ከዚያ የአሳንሰር ነጂውን የቤምባ ሰው ጓንት ነጥቀው ሮጡ፤ ሰውየው ሊያሳድዳቸው የአሳንሰሩን ማንሻ ለቆ ወጣ። ደግነቱ አሳንሰሩ ባዶ ነበር። ኢንጂነሩ በዚህ ጊዜ የምር ደነገጡ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ጻፉ፤ የራስ መብራት በምንወስድበት በመብራት መቀበያው በርም ማስታወቂያ ለጠፉ፦ በሥራ ሰዓት የቀልድ ዝምድና የተከለከለ ነው። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ ማለት ስንብት ነው። ባ ጄሬ ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር ቀርቷቸዋል፤ ከዚያ በፊት ከተሰናበቱ ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቁት ጡረታ ግማሹ ይቀራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮ ውስጥ አፋቸውን ዘጉ። እኔን ግን ጉድጓድ ውስጥ ማንም በሌለበት እየጠበቁ ይሰድቡኝ ነበር። እኔም ዕዳዬን አላስቀርም።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ቆየን። እኔ የሦስት ወር ሙከራ ላይ ነበርኩ፤ በዚያ ክፍል ሴት ስትቀጠር እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። የሙከራዬ ማብቂያ ሲቃረብ ኢንጂነሩ አንድ ሥራ ለብቻዬ ሰጡኝ። ታችኛው የፓምፕ ክፍል ውስጥ አንደኛው ፓምፕ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሁለተኛውም መጠገን አለበት። ለመጠገን መቆም አለበት፤ ለመቆም ደግሞ ሦስተኛውና አራተኛው ብቻቸውን ውሃውን መቻል አለባቸው። ወደዚያ ክፍል በሰከንድ ሦስት መቶ ሊትር ይመጣል። ሦስተኛው መቶ እንደሚገፋ ባ ጄሬ ባለፈው ዓመት ለክተዋል። ስለዚህ የቀረው አራተኛው ሁለት መቶ መሙላት አለመሙላቱን ማወቅ ነው።

ወርጄ ለካሁ። ቀለሙን ፋቅሁ፣ ቀባሁ፣ ከጎንና ከጎን አሰርኩ። የውስጥ ስፋቱን ከድሮው የቱቦ ሥዕል ላይ ገልብጬ አስገባሁ። መሣሪያው ሁለት መቶ አራት አለ። እኔም ሁለት መቶ አራት ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ከዚህ በፊት የሠራሁት ንዶላ ከተማ ባለ ቢራ ፋብሪካ ነው። የቢራ ቱቦ በየቀኑ በፍል ውሃ ይታጠባል፤ ውስጡ እንደ አዲስ ሳህን ንጹሕ ነው። በሥዕሉ ላይ አርባ ሳንቲ ከተባለ አርባ ሳንቲ ነው። ቱቦ ከውስጥ ሊጠብ ይችላል የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ ውልም አላለም።

በማግሥቱ ጠዋት ኢንጂነር ቺሳንጋ ቢሮ ስብሰባ ተደረገ። የጥገናው ቡድን መሣሪያውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ወረቀቴ ኢንጂነሩ እጅ ላይ ነው። «ሁለት መቶ አራት! ጥሩ ነው። የኩንዳ እናት፣ በርቺ» አሉኝና ብዕራቸውን አወጡ። አሥራ አራት ሰው አለ። ባ ጄሬ ከኋላ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የዚያን ዕለት ጠዋት ወረቀቱን አሳይቻቸው ነበር፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብበው መልሰው ሰጡኝ።

ኢንጂነሩ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ባ ጄሬ ከኋላ መጥተው ወረቀቱን ከእጃቸው መነተፉት።

«የጦጣ በላ ንብረት የንጎኒ ነው!» ብለው ጮኹ። «ይህን ወረቀት ከፈለጋችሁ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ኑና ተንበርክካችሁ ውሰዱ!» ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

ሰው ሁሉ ሊስቅ አፉን ከፈተና ኢንጂነሩን አይቶ ዘጋ። ኢንጂነር ቺሳንጋ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ሊቆጡ አይችሉም፣ የአባቶቻቸው ሕግ ይከለክላቸዋል። ሊስቁ አይችሉም፣ የራሳቸው ማስታወቂያ ይከለክላቸዋል። በመጨረሻ፣ «ሁለተኛው ፓምፕ ይቆይ። በዘጠኝ ሰዓት እንገናኝ» አሉና ለጸሐፊያቸው፣ «የማስጠንቀቂያ ቅጽ አምጪልኝ» አሏት።

እኔ ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። የመጀመሪያዬ ሥራ፣ የእኔ ፊርማ፣ የእኔ ቀን! እየሮጥኩ አሳንሰሩ ጋ ደረስኩባቸው።

«ምን አደረግኩዎት? ይህ ቀልድ ነው? እርስዎም ሊባረሩ እኮ ነው!»

«ሄልሜትሽን አድርጊ» አሉኝ። «አብረን እንወርዳለን።»

አሳንሰሩ ሲወርድ ወረቀቱን አውጥተው በመብራታቸው አበሩበት። «ይህ ፓምፕ አዲስ ሲገባ ስንት ይገፋ ነበር?»

«ሁለት መቶ አሥር።»

«ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እኔ በሠርጌ ቀን እንደሮጥኩት ዛሬ የምሮጥ ይመስልሻል?»

ቁጥሩን እንደገና አነበብኩት። ቁጥሩ ትክክል እንዳልሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ግን ገና አላወቅኩም።

ፓምፕ ክፍል ስንደርስ ባ ጄሬ ሁለተኛው መሥራቱን አይተው አራተኛውን አስቆሙ። ቱቦው ጎን ላይ ለድሮ ሥራ የተተወ ጠባብ አፍ አለ፤ በክዳንና በስምንት ብሎን የተዘጋ። ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን፣ ከዚያ ብሎኖቹን ፈታን። ቀለበቴን አወለቅኩ።

«እጅሽን አስገቢ። የእኔ አያልፍም።»

እስከ ክርኔ አስገባሁ። ብረት ይገኛል ብዬ የዘረጋሁት እጄ ድንጋይ ነካ። ሸካራ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ አሮጌ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚይዘው ዓይነት፣ ግን ሁለት ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው። ዙሪያውን ዳሰስኩት። ሁሉም ቦታ አለ። በጠማማ ሽቦ ለካሁት፤ ሦስት ሳንቲ። በሁለቱም ወገን ሦስት፣ ሦስት። አርባ ያልኩት ቱቦ ሠላሳ አራት ነው። ውሃው በጠባቡ መንገድ እየተሽቀዳደመ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፍጥነቱን በሰፊው መንገድ አባዝቼ ነበር። ጉልበቴ ላይ አድርጌ አሰላሁት፤ መቶ አርባ ሰባት።

ሦስት መቶ ሊትር እየመጣ የምንገፋው ሁለት መቶ አርባ ሰባት ሊሆን ነበር። ውሃው የሚጠራቀምበት ገንዳ በስምንት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሞልቶ ይፈሳል። በዚያ ክፍልና ከሱ በታች በአንድ ፈረቃ አርባ ሦስት ሰው ይሠራል።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ባ ጄሬ ክዳኑን መልሰው ብሎን እያጠበቁ ነበር።

«ለምን ስብሰባው ላይ አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? ጠረጠርኩ እንጂ መቼ አወቅኩ? ተሳስታለች ብዬ፣ አንቺ ትክክል ሆነሽ ብትገኚስ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስምሽን አጥፍቼ በምን እመልሰዋለሁ? ደግሞ ዝም ብዬ፣ አንቺ ተሳስተሽ ብትገኚስ? አርባ ሦስት ሰው አለ። ለእኔ የቀረኝ ቀልድ ነበር፤ ቀልድ የማንንም ስም አያጠፋም።»

«የእርስዎ ጡረታስ?»

የመጨረሻውን ብሎን አጥብቀው፣ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። «ያንቺ ፊርማ ነው ያለበት። ቅደጂውና ሌላ ጻፊ ብልሽ ማንም አያውቅም። እኔ ከዚህ ጉድጓድ ብዙ ነገር ረስቼ ወጥቻለሁ፤ ይህንንም እረሳለሁ።»

ወደ ላይ ስንወጣ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቀደው አስቤ ነበር። የኩንዳ የትምህርት ቤት ጫማ፣ የእናቴ መድኃኒት፣ ሁሉም ፊቴ ላይ መጣ። ግን ብቀደው ባ ጄሬ ወረቀቱን የነጠቁት በከንቱ ይሆናል፤ ለከንቱ ቀልድ ይባረራሉ። ያዳነኝን ሰው አስበልቼ በዚያ ክፍል ውስጥ ለሃያ ዓመት እንዴት እቀመጣለሁ?

ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ኢንጂነሩ ቢሮ ገባሁ። የማስጠንቀቂያው ቅጽ ጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ የባ ጄሬ ስም ተጽፎበታል። ቆሜ ተናገርኩ። «ሁለት መቶ አራት ያልኩት ስህተት ነው። መቶ አርባ ሰባት ነው። ቱቦው ውስጡ ድንጋይ ይዟል፤ እኔ ስፋቱን ከሥዕል ገልብጬ ነው። ባ ጄሬ ስለጠረጠሩ ነው የነጠቁት።»

ኢንጂነር ቺሳንጋ ቁጥሮቹን በራሳቸው እጅ ደመሩ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጡ።

«ልፈርም ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«አሁን ይህን ምን ላድርገው?» ቅጹን አነሱ። «አሥራ አራት ሰው አይቷል። ለቁም ነገር ነው ብዬ ብተወው፣ ነገ ሌላው ማንሻ ላይ ካለ ሰው ይነጥቅና እኔም ለቁም ነገር ነው ይለኛል። ማስታወቂያውን የጻፍኩት ሰው እንዳይሞት ብዬ ነው፣ የኩንዳ እናት። ጨክኜ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ሂጂ» አሉኝ። ስለ እኔ ምንም አላሉም። እኔም ልጠይቅ አልደፈርኩም።

የፈረቃ ለውጥ ሰዓት ነበር። መብራት መቀበያው ግቢ ውስጥ ሁለቱም ፈረቃ፣ ወጪውም ወራጁም፣ ከመቶ በላይ ሰው ተሰብስቧል። ባ ጄሬ ጥግ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሳይበሉት የዋለውን የምሳ ዕቃቸውን ገና መክፈታቸው ነው። ወሬው ደርሷል፤ ማንም አጠገባቸው አልተቀመጠም። ሰው የሚባረርን ሰው ይሸሻል። እኔ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሁለታችንም አልተሳደብንም።

ኢንጂነር ቺሳንጋ ከቢሮአቸው ወጡ። በሰዎቹ መካከል ቀጥ ብለው መጡ። ባ ጄሬ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ባ ጄሬ ሄልሜታቸውን አውልቀው ሊነሱ ሲሉ ኢንጂነሩ ጎንበስ ብለው የምሳ ዕቃውን ከጉልበታቸው ላይ መነተፉት።

«የአይጥ በላ ምሳ የቤምባ ነው!» አሉ፣ መቶ ሰው እንዲሰማ አድርገው። በጣታቸው ንሺማውን፣ የበቆሎ ገንፎውን ማለት ነው፣ ቆረሱ፣ በካፔንታ ዓሣ ጠቅሰው ጎረሱ። እያኘኩ ወደ ውስጥ ተመለከቱ። «ምን ዓይነት ንጎኒ ነህ? አይጡ የታለ?»

አንተ አሏቸው፤ በዕድሜ የሚበልጧቸውን ሰው። በጨዋታ ካልሆነ በቀር እንዲህ አይባልም።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንዱ የጥገና ሠራተኛ፣ «ጌታዬ፣ ማስታወቂያውስ?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔንም ጻፉኝ!» አሉ ኢንጂነሩ አፋቸው ሞልቶ። «ሁለት ቅጽ አምጡ። አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ። የሚፈርም ሰው ካለ ይምጣ!»

ያን ጊዜ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። በአገሩ ወግ ጨዋታን በጨዋታ የመለሰ ሰው መክሰስ አይችልም፤ ይህን መቶውም ያውቃል። ቅጹን የሚፈርም ሰው አልመጣም። ኢንጂነሩ ምሳውን እየበሉ ወደ ቢሮአቸው ተመለሱ፤ በመብራት መቀበያው በር ላይ ያለውን ማስታወቂያ ግን አላነሱትም። ከታች በእጃቸው ጨመሩበት፦ ማንሻ የያዘን ሰው የነካ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ይሰናበታል። እስከ ዛሬ እዚያ አለ፤ እስከ ዛሬም ይከበራል።

ባ ጄሬ ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀሩ። የእኔን ምሳ ከፈትኩና በመካከላችን አስቀመጥኩት። ጥቂት በላን።

«አመሰግንዎታለሁ» አልኳቸው። ሥራዬንም፣ አርባ ሦስቱን ሰዎችም፣ የገዛ ፊርማዬን አይቼ የማላፍርበትንም ቀን ያገኘሁት ከእሳቸው ነው። በሳምንቱ የሙከራ ወረቀቴ ሲመጣ ኢንጂነሩ «ትቀጠር» ብለው ጽፈው፣ ከሥሩ «ስህተቷን ራሷ በእግሯ መጥታ ትናገራለች» የሚል ጨምረውበት ነበር። እንደ ሙገሳ ነው የያዝኩት።

ያን ቀን ባ ጄሬ ምስጋናዬን ሰምተው የመጨረሻውን ጉርሻ ጎረሱ። ጣታቸውን ጠርገው፣ «ሦስተኛውን ፓምፕ የለካሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ዓመት ሆኖታል። ድንጋይ በዓመት ያድጋል። ነገ እንውረድና እጅሽን አስገቢ፤ የእኔን ስህተት ደግሞ አንቺ ፈልጊልኝ።»

በማግሥቱ ወረድን። መቶ ብለው የጻፉት ዘጠና ስድስት ሆኖ ተገኘ። በአራት ሊትር ማንም አይጠይቃቸውም ነበር፤ እኔም ልተወው ብዬ ነበር። ባ ጄሬ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስደው፣ ሄልሜታቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ወደ ኢንጂነሩ ቢሮ ሄዱና በሩን አንኳኩ።